ዘይት ውስጥ የተዘፈቀው ኮምፒውተር

ሰው ሁሉ «ነፋሱ» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ያንን ስም ሰው ከረሳው ዓመታት አልፈዋል። ነፋሱ ያሰኘው ሥራው ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነውና ምንም ዓይነት ብልሽት ይምጣለት፣ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ክዳኑን ይከፍትና አየር የሚተፋውን ብሎወሩን ደግኖ ውስጡ የተኛውን አቧራ ያቦነዋል። ከዚያ ማራገቢያዋን በጣቱ ገፋ አድርጎ ያዞርና ጆሮውን ያስጠጋል። «ይቺ አርጅታለች» ይላል፤ ወይም «ይቺ ገና ልጅ ናት፤ አቧራ ነው ያነቃት» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ሌላው ጠጋኝ መሣሪያ ሰክቶ የሚደርስበትን እሱ በጆሮው ይደርስበታል። ይህን ደግሞ ራሱም ያውቀዋል። ማወቅ ብቻ መች ሆነና፣ ሳይጠየቅም ይናገረዋል።

ሱቁ በልብስ ሰፊና በቁልፍ ቀራጭ መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ከሞቱ ኮምፒውተሮች የነቀላቸውን ማራገቢያዎች ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅሏቸዋል። አንዱንም አይጥልም። አንድ ቀን ሚስቱ ምሳ ልታደርስለት መጣችና ቀና ብላ አይታ «እንዲያው ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ቢዞር ሱቁን ይዞት ይበር ነበር» አለችው። እሱ አልሳቀም። በማራገቢያ አይቀለድበትም።

ከደንበኞቹ ሁሉ ግን ልቡ ያለው ወፍጮ ቤቱ ጋ ነበር። ትልቅ ወፍጮ ቤት ነው። እህሉ በጭነት መኪና ይገባል፣ ዱቄቱ በጆንያ ይወጣል። የሚዛኑን ቁጥር የሚቀበለውና ደረሰኝ የሚያወጣው ኮምፒውተር የተቀመጠው ከመፍጫው አዳራሽ ከፍ ብላ በተሠራች ባለ መስታወት ክፍል ውስጥ ነው። መስታወት ሆነ አልሆነ ዱቄት መግቢያ አያጣም። በየሦስት ሳምንቱ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይታፈንና ማሽኑ በሙቀት ራሱን ያጠፋል። ሚዛኑ ሲቆም መኪናው ይሰለፋል፣ ሾፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል፤ ያኔ ነፋሱ ይጠራል። በር ላይ ሲደርስ ጆንያ ተሸካሚዎቹ «መንገድ ልቀቁ፣ ሐኪሙ መጣ» እያሉ ያሳልፉታል። ፈገግታ የማይሆንላት ባለ ወፍጮዋ ራሷ ወንበር ትስብለታለች። ብሎወሩን ሲደግን ዱቄቱ ክፍሏን ሞልቶ ሰው ከሰው አይተያይም። ከዚያ ማራገቢያዋ ትዞራለች፣ ሚዛኑ ቁጥሩን ያወጣል፣ አዳራሹ «እሰይ» ይላል። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ሰውዬው የሚኖረው ለዚያች «እሰይ» ነበር። የቀረው ጊዜማ የጸሐፊዎችን ኪቦርድ ሲጠርግ ነው የሚያልፈው።

አንዲት እህት አለችው። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። እናታቸው ስትሞት ልጅቷ ገና ስድስት ዓመቷ ነበርና አሳዳጊዋ እሱ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ባልዲ ገልብጣ ትቀመጥና ብሎኑን በየመጠኑ ትለይለት ነበር። ብየዳ ያስተማራት እሱ ነው፤ የማራገቢያ ድምፅ ማዳመጥም ያስተማራት እሱ ነው። ዛሬ እሷም ጠጋኝ ናት፤ በራሷ ትሠራለች። እስከዚህ ድረስ ደስ ይለው ነበር። «ከኔው እጅ ነው የወጣች» እያለ ለቁልፍ ቀራጩም ለልብስ ሰፊውም ያወራ ነበር።

ነገሩ የመጣው ልጅቷ ማራገቢያን የጠላች ዕለት ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ አስበው» አለችው አንድ ቀን ሱቁ መጥታ። «የምንጠርገው አቧራ ሁሉ እኮ ማራገቢያው ራሱ ስቦ ያስገባው ነው። ማራገቢያ ባይኖር አቧራም አይኖርም።»

«ማራገቢያ ባይኖር ኮምፒውተርም አይኖርም» አላት።

«እናያለና» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ የምትሠራውን ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ያየው ጀመር። ከአሮጌ ፍሪጅ ጀርባ የመዳብ ቱቦ ነቅላ፣ ሲሠራ በሚግለው የአንዱ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ላይ ባሰረችው የመዳብ ሳህን ዙሪያ ጠመጠመችው፤ ሁለቱን ጫፎች ከፍ ብሎ ከተቀመጠ የውሃ በርሜል ጋር አገናኘች። ውሃው ሲሞቅ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። የሚገፋው ሞተር የለ፣ የሚያራግብ ነገር የለ። ሌላውን ኮምፒውተር ደግሞ በወፍራም መዳብ አድርጋ ከመስኮቱ ብረት ጋር በብሎን አሰረችው፤ ሙቀቱ በብረቱ በኩል ወደ ውጭ ይሄዳል። የጎረቤት ድመት ያንን ሞቃት ብረት አገኘችና አልጋዋ አደረገችው። ሰው ድመቷን ሊያይ ይመጣና ኮምፒውተሩን አይቶ አፉን በእጁ ይዞ ይመለሳል።

ነፋሱም ሄዶ አየ። እንደ ሰዉ ሁሉ አፉን ሊይዝ ነበር፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሃያ አምስት ዓመት ሲሠራ ለሱ ሥራ አፉን የያዘ ሰው የለም። ጎበዝ ይሉታል፣ እጀ ብሩክ ይሉታል፤ «ይሄ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው?» ያለው ግን የለም። እሷን በስድስት ወር ውስጥ አገሩ ሁሉ እንዲያ አላት።

«ይሄ ብረት ዝናብ ሲመታው ዝገት ነው የሚሆን» ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ ባለው ነገር አፈረ። ትንሽ ሄድ እንዳለ ደግሞ «ታዲያ ምን ልበላት ኖሯል?» ብሎ ተናደደ።

ይህ እንዳለ ጉንፋን ጣለው። አራት ቀን ተኛ። የወፍጮ ቤቱ ማሽን ደግሞ ቀን አይመርጥ፣ በሁለተኛው ቀን ታፈነ። የወፍጮ ቤቱ ጸሐፊ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። «ትኩሳት ላይ ነው፤ ለምን እህቱን አትጠሯትም?» አለቻት። በቅን ልብ ነው ያለችው። በዚያች ቅን ልቧ ምክንያት ከዚያ ወዲያ የሰማችውን ነገር እሷ ናት የምታውቀው።

እህቱ ሄዳ ጠርጋ አስነሳችላቸው። ስትወጣ ግን ባለ ወፍጮዋን «እትዬ፣ ይሄ በሦስት ሳምንት ይመለሳል። ከፈቀዱልኝ ዳግመኛ እንዳይታፈን አድርጌ እሠራዋለሁ» አለቻት። በሳምንቱ ዓሣ የሚቀመጥበት ዓይነት የመስታወት ሣጥን ይዛ መጣች። ኮምፒውተሩን ከነበረበት ቆርቆሮ አወጣችው። ዘይት የማይወደውን ሃርድ ዲስክ ለብቻው ነጥላ ክዳኑ ላይ አሰረችው፤ የቀረውን አንጀቱን እንዳለ መስታወቱ ውስጥ አቁማ ቀለምም ሽታም የሌለው የፓራፊን ዘይት ሞላችበት። ይሄ ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ማሽኑ እንደተዘፈቀ ይሠራል። ሙቀቱን ዘይቱ ከላዩ ይቀበለዋል፣ በመስታወቱ በኩል ይወጣል። ዱቄት የሚገባበት ቀዳዳ የለም፤ የሚዞርም የሚጮህም ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ወፍጮ ቤት የሠራሁትን መጥተህ እየው እስቲ» ብላ ደወለችለት።

«ሥራ በዝቶብኛል» አላት። ጠረጴዛው ላይ የነበረው አንድ የተሰበረ ማውዝ ነው።

ሦስት ሳምንት ሞላ፤ ከወፍጮ ቤት ስልክ አልመጣም። አራተኛውም አለፈ። በአምስተኛው ቁልፍ ቀራጩ በበሩ ብቅ ብሎ «እህትህ ኮምፒውተር በዘይት ጠበሰች አሉ» አለው። «ደግሞ ይሠራል አሉ። ሾፌሮቹ ሰልፍ ቀረልን እያሉ ነው። አንተ ግን ትንፍሽ አላልክም።»

«ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» አለው ነፋሱ። ቁልፍ ቀራጩ ግን «ያምራል ነው የሚሉት» ብሎት ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት እህቱ ሌላ ቦታ ሥራ እንዳላት አውቆ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደ። በሩ ላይ ጆንያ የተሸከመ ሰው አየውና «ጋሽ ነፋሱ፣ ጠፋህ እኮ» አለው። መንገድ አልለቀቀለትም፤ ነፋሱ ራሱ ጥግ ይዞ አሳለፈው። መስታወቷ ክፍል ገባ። ጸሐፊዋ ደረሰኝ እያወጣች ነበር። ሣጥኑ ከጠረጴዛዋ በላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አረንጓዴ መብራቱ ከዘይቱ ሥር ይበራል፤ ዘይቱ ከፕሮሰሰሩ ላይ ቀስ እያለ ሲነሳና በመስታወቱ ጥግ ሲወርድ ይታያል። ነፋሱ ማራገቢያ ለማዳመጥ የለመደ ጆሮውን አስጠጋ። ምንም አልሰማም።

ሥራው ያምር ነበር። እዚያ ላይ ነው አንጀቱ ያረረው። አጉል ቢሆን ኖሮ ስቆ ይሄድ ነበር፤ ያማረ ሆነበትና እግሩ መሬቱን ያዘው።

ባለ ወፍጮዋ ከኋላው መጣች። «ያስተማርካት አንተ ነህ አሉኝ» አለችው። «እሰይ፣ ጥሩ አስተምረሃል። ታዲያ አንተ ያንን ሁሉ ዓመት ለምን አቧራ ስታቦንብን ኖርክ?» እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ጸሐፊዋም ሳቀች። እሱም ጥርሱን አሳየ።

ከዚያ እንከን መፈለግ ጀመረ። መስታወቱን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። መደርደሪያውን ነቀነቀ፤ ጠንካራ ነው። ከሣጥኑ የሚወጣውን የሚዛን ገመድ በዓይኑ ተከተለው። ገመዱ ከዘይቱ ወጥቶ፣ የሣጥኑን ጠርዝ ተሻግሮ፣ ግድግዳውን ይዞ ወደ አዳራሹ ይወርዳል። መጨረሻው የሚዛኑ ቁጥር የሚታይበት ሣጥን ነው፤ እሱም የተቸነከረው ጆንያው አፉን ከፍቶ ከሚሞላበት በላይ ነው። ነፋሱ ወርዶ መሰኪያውን አየ። የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ተንጠልጥላለች። በጣቱ ነካት፣ አሻት፣ አሸተታት፤ ሽታ የላትም፣ ጣቱ ላይ ግን ታንሸራትታለች። ዘይት ናት።

ወዲያው ገባው። ዘይቱ በገመዱ ሽፋንና በቀጫጭን የመዳብ ክሮቹ መሃል፣ ላምባ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ እየወጣ ነው። ጠርዙን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ቁልቁል ነው መንገዱ። ዛሬ ጠብታ ናት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዱቄቱ ላይ ይንጠባጠባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ገመዱን ከዘይቱ በላይ ቆርጦ፣ በብየዳ አያይዞ፣ መጋጠሚያውን በማጣበቂያ መድፈን ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት። ቢደውልላት በዚያው ቀን ትጨርሰው ነበር።

ጸሐፊዋ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ምነው ጋሽ ነፋሱ?» አለችው።

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና «ልጅሽን ተሻላት?» አላት። ተሽሏታል አለችው፤ ወጥቶ ሄደ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ነፋሱም ይህችን ተረት ያዘ። አላበላሸሁባት፣ ገመዷን አልነካሁባት፣ ክፉ ቃል አልተናገርኩባት እያለ ራሱን አጽናና። እኔን ጠይቃኛለች እንዴ ብሎ ሊያስብም ፈለገ፤ መጥተህ እየው ብላው ነበርና ያችን ሐሳብ አልጨረሳትም። በየጠዋቱ ወደ ሱቁ ሲሄድ መንገዱን እያጠመመ በወፍጮ ቤቱ በር ማለፍ አመጣ። መኪና ከተሰለፈ ልቡ ይዘልላል፤ ካልተሰለፈ ፊቱ ይጠቁራል።

ከግድግዳው ማራገቢያዎች ምርጧን አውርዶ ቤት ወሰዳት። ቅዳሜ ጠዋት በብሩሽ እየጠረገ ቅባት ሲያጠጣት ሚስቱ አየችው።

«ወፍጮ ቤቱ ጠራህ እንዴ?»

«ይጠራል።»

«በምን አወቅህ?»

ማራገቢያዋን በጣቱ ገፋ አድርጎ አዞራት። ሚስቱ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች።

«በገዛ እህትህ ቀንተሃል አይደል?» አለችው። «ስሟ ሲነሳ እኮ ፊትህን አየዋለሁ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል፤ ኋላ ወገቤን ትላለህ።»

«ባጎረስኩ ተነከስኩ፤ ሌላ ነገር የለም።»

«ማን ነከሰህ? ልጅቷ ሠርታ በላች እንጂ መች ነከሰችህ? ያሳደግካት እንዳትበላ ነው?»

ይህ ገባበት። ጓሮ ወጥቶ ስልኩን አወጣና ደወለላት። ሊነግራት ነው፤ ቃሉን እንኳ አዘጋጅቶት ነበር፤ የሚዛኑ ገመድ ላይ ዘይት አለ፣ ሄደሽ ቁረጪው ሊላት ነው። እሷ ግን ገና ስታነሳ «ጋሼ፣ አንተ ደግሞ በልቤ ሳስብህ ነው የደወልከው» አለች። «የጡብ ፋብሪካው ሦስት እንድሠራለት ጠየቀኝ። ወፍጮ ቤቱን አይተው ነው። የፋብሪካው መሐንዲስ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አለኝ፤ ታምናለህ?»

መሐንዲስ። ነፋሱ ያችን ቃል እንደሰማ ያዘጋጀው ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«ለምን ነበር የደወልከው?»

«እንዲሁ ነው። ድምፅሽን ልስማ ብዬ።»

«እግዜር ይስጥህ ጋሼ» አለችው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ማራገቢያዋ ተመለሰ።

ጠብታዋን ካየ በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ከወፍጮ ቤት ተደወለ። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲደርስ ግቢው ውስጥ አምስት ጆንያ ዱቄት አፋቸው ተከፍቶ ቆመዋል፤ ዱቄቱ መሃል የእጅ መዳፍ የሚያህል በዘይት የራሰ ጓል ረግቷል። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነው የመለሳቸው። ባለ ወፍጮዋ ጆንያዎቹን እያሳየች ተናገረች። «አሥራ ሁለት ዓመት ደንበኛዬ ነው። ሰው የሚበላውን በዘይት አበላሽታችሁ ሸጣችሁልኝ ብሎ በሠራተኞቼ ፊት አዋረደኝ። ከእንግዲህ ሌላ ወፍጮ ነው የምሄደው አለኝ።»

እህቱ መስታወቷ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተንበርክካ በጨርቅ ትጠርጋለች። ፀጉሯ ላይ ዱቄት አለ። «የኔ ጥፋት ነው እትዬ» አለች፤ ሌላ አልጨመረች። የጡብ ፋብሪካውም ወሬውን ሰምቶ ትዕዛዙን ትቶታል፤ ይህን የነገረችው ጸሐፊዋ ናት፣ በሹክሹክታ።

«በል ይሄን ጉድ አውጣልኝ» አለችው ባለ ወፍጮዋ። «የድሮውን መልስልኝ። ከዛሬ ወዲያ ካንተ በቀር እዚህ ማሽን ላይ ማንም እጁን አያሳርፍም።»

ሠራ። እህቱ ከጎኑ ቆማ ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ከዘይቱ አወጣችለት፣ አንጠባጠበችው፣ በስስ ጨርቅ አደረቀችው፣ ብሎኑን በየተራው አቀበለችው። ምን እንደሚፈልግ ሳይናገር ታውቅ ነበር። ገመዱን ቀየረ፤ ያዘጋጃትን ማራገቢያ አሰረ፤ ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያዋ ተነሳች፤ ሚዛኑ ቁጥሩን አወጣ። ከታች ተሸካሚዎቹ «እሰይ ሐኪሙ» አሉ። ጣፈጠው። ልዋሽላችሁ አልችልም፤ እህቱ አጠገቡ አንገቷን ደፍታ ቆማ እያለ ጣፈጠው።

ግማሹን ዘይት በጀሪካን ቀዱትና ሣጥኑን ከነቀሪው ዘይት ግራና ቀኝ ይዘው ወጡ። ደረጃውን በጥንቃቄ ወርደው፣ አዳራሹን አልፈው ግቢው መሃል ሲደርሱ ልጅቷ ተናገረች።

«ጠብታውን እኮ እኔም አይቼው ነበር ጋሼ።»

«መቼ?»

«ከሳምንት በፊት ልፈትሽ መጥቼ። ገመዱን ልቆርጠው መቁረጫዬን ሁሉ አውጥቼ ነበር። ጸሐፊዋ ግን ‹ወንድምሽ መጥቶ በጣቱ ነክቶ፣ አሽትቶት ሄዷል› አለችኝ። ጋሼ አይቶት ምንም ካላለማ ደህና ነው፣ ስሞላ የፈሰሰ ይሆናል ብዬ ጠርጌው ሄድኩ።» ሣጥኑን አመቻችታ ያዘች። «ግን እንዴት አመለጠህ? አንተን እኮ ምንም አያመልጥህም።»

ትክ ብላ ታየዋለች። ዓይኗ ውስጥ ጥርጣሬ የለም፤ ለሱ ያዘነች ነው የምትመስለው። እርጅና ነው፣ ዓይኔ ደከመ ቢላት ታምነው ነበር። እንዲያውም ልታጽናናው ትነሳ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር።

«አላመለጠኝም» አላት።

ሣጥኑን እንደያዘች ቆመች።

«ያን ቀን ገብቶህ ነበር?»

«ገብቶኝ ነበር።»

«የደወልክልኝ ቀንስ? ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው ያልከኝ ቀን?»

«ያን ቀንም።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሣጥኑ መለሰች። ከአዳራሹ የመፍጫው ድምፅ ይሰማል። «አስቀምጠው» አለችው፤ ቁጣ አልነበረበትም። ጎንበስ ብለው ሣጥኑን መሬት አስነኩት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ እንደገና ጎንበስ አለች፣ ግራና ቀኙን ለብቻዋ ያዘችና ብድግ አደረገችው። ከባድ ነው፤ ሊያግዛት እጁን ዘረጋ።

«ተወው፤ እችለዋለሁ» አለችውና ዘይቱ እየተናጠ በበሩ ወጣች።